የመበለቷ ሳጥን ሲከፈት፦ ኑዛዜ በእንግሊዝ ገጠር እንዴት ይሠራ ነበር?

ሟቿ ከተቀበረች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። ሦስት አራት ጎረቤቶቿ ቤቷን ከፍተው ይገባሉ፤ አንደኛው ቀለምና ወረቀት ይዟል። ምድጃው ቀዝቅዟል። ጸሐፊው የመጀመሪያዋን መስመር ማንም ሳይነግረው ያውቃታል፤ በየመንደሩ የምትጻፈው ያቺው ናት፦ የገንዘብ ቦርሳዋና የምትለብሰው ልብስ፣ ዋጋው ይህን ያህል። ከዚያ ክፍል ለክፍል መዞር ይጀመራል። ፍራሹን ይጫኑታል፣ የነሐሱን ድስት ብድግ አድርገው ክብደቱን ይገምታሉ፣ ሳጥኗን ከፍተው አንሶላ በጥንድ በጥንድ ይቆጥራሉ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ገጠር በብዙ ሺህ ተርፏል። በኤሴክስ ያሉት ሪትልና ሮክስዌል የተባሉ ሁለት መንደሮች ብቻ ከ1635 እስከ 1749 የተጻፉ ከ200 በላይ ዝርዝሮች ትተውልናል። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) እኔ ግን ከወረቀቶቹ መሐል የመበለቶቹን ልለይ። የአንዲት ሴት ስም አልጠራም፤ ከብዙዎቹ ወረቀት የሚታወቀውን ልማድ ይዤ አንዲት ሴትዮ በሐሳባችን እናቁም። ከእሷ ሁለት ወረቀት ተርፏል። አንዱን በአልጋዋ ላይ ሆና ራሷ አጽፋዋለች፤ ያ ኑዛዜዋ ነው። ሌላውን ሰዎቹ ከሞተች በኋላ ጻፉት፤ ያ የንብረት ዝርዝሯ ነው። የሚያወሩት ስለ አንድ ቤት ቢሆንም ዓይናቸው ለየቅል ነው።

በመጀመሪያ ግን መበለት ለምን? ባል ያላቸው ሴቶች ኑዛዜ የት ሄደ?

የለም፣ ወይም ከስንት አንድ ነው። በዚያ ዘመን ሕግ ሴት ስታገባ ተንቀሳቃሽ ንብረቷ የባሏ ይሆናል። ከአባቷ ቤት ያመጣችው አልጋ፣ እናቷ የሰጠቻት ድስት፣ በሠርጓ ዕለት ያገኘችው ሰሃን ሁሉ የእሱ ነው። የሌለሽን ደግሞ አታወርሺም። ባሏ ከፈቀደላት ብቻ መናዘዝ ትችላለች። በ1540ዎቹ መጀመሪያ የወጣው የመሬት ኑዛዜ ሕግማ ባለትዳሯን ሴት ከ21 ዓመት በታች ካለ ልጅና አእምሮው ከታወከ ሰው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠርቶ ኑዛዜያቸው አይጸናም ይላል። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ የምትናገር ሴት ስታጋጥመን አብዛኛውን ጊዜ አንድም ሳታገባ የቆየች ናት፣ አንድም ባሏ የሞተባት።

ባሏ ሲሞት ምን አገኘች? ከመሬቱ ገቢ በሕይወት እስካለች ድረስ ሲሶው በሕግ ይገባታል። በባላባት ርስት ላይ በልማድ በሚያዝ መሬት ደግሞ የየአካባቢው ደንብ ይለያያል፤ አንዳንዱ ቦታ መሬቱን በሙሉ ይዛ ትቆያለች፣ በብዙ ቦታ ግን ካገባች ትለቃለች። ከዚያ ውጭ ያለው በባሏ ኑዛዜ የሚወሰን ነው። እዚያ ላይ የባሎች ጥንቃቄ የሚገርም ነው፤ ቤቱን ለልጁ ይሰጥና ለሚስቱ በምድጃው በኩል ያለችውን ክፍል፣ ወደ ውኃ ጉድጓዱ የመሄድ መብት፣ ይህን ያህል ማገዶ፣ ለአንዲት ላም የግጦሽ ቦታ፣ ከአትክልቱም ፖም ይመድብላታል። አንዳንዱማ «መበለቴ ሆና እስከኖረች ድረስ» የምትል ሐረግ ይሰካባታል። ያን ሁሉ መዘርዘሩ ልጁ እናቱን ቀለብ እንዳይነፍጋት ሠግቶ ነው ብዬ አስባለሁ፤ ሐረጓ ግን ሌላ ጎጆ እንዳትቀልስ ታስፈራራታለች።

ቢሆንም ይህ የመበለትነት ዘመን የእሷ ነው። አሁን በስሟ ገንዘብ ታበድራለች፣ ትከሳለች፣ ትናዘዛለች። ይህም በሁለት በኩል የታጠረ ነው። እንደገና ካገባች ተንቀሳቃሹ ሁሉ ወደ አዲሱ ባል ያልፋል፤ በመበለትነቷ ያጻፈችው ኑዛዜም በጋብቻው ይፈርሳል።

አሁን ወደ አልጋዋ እንሂድ። ታማለች። ኑዛዜ በጤና ጊዜ የሚጻፍ ነገር አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ሞት ደጃፉ ላይ ሲደርስ ነው የሚያጽፈው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ ስለ ሕሙማን ጉብኝት ባስቀመጠው ሥርዓት ቄሱ የታመመውን ሰው ስለ እምነቱና ስለ በደሉ ከጠየቀው በኋላ፣ ንብረቱን ያልተናዘዘ እንደሆነ እንዲናዘዝ፣ ማን ዕዳ እንዳለበትና ለማን ዕዳ እንዳለበትም እንዲናገር ይመክረዋል። ለኅሊናው ዕረፍት፣ ለአስፈጻሚዎቹም ሰላም ሲባል። እኛ ኃጢአትን ለንስሐ አባት መንገርንም ንብረትን ማውረስንም በአንድ ቃል «ኑዛዜ» እንላለን፤ የእነዚያን ሰዎች የአልጋ ዳር ሥርዓት ይህ ቃላችን ከእነሱ ቋንቋ ይልቅ ይገልጸዋል።

ጸሐፊው ቄሱ፣ የመንደሩ መምህር ወይም መጻፍ የሚችል ጎረቤት ነው። በእግዚአብሔር ስም ብሎ ይጀምራል፤ በሥጋዋ የታመመች በአእምሮዋ ግን ጤነኛ መሆኗን ያሰፍራል። ይህች አባባል ለወግ ብቻ የገባች እንዳትመስላችሁ። ነገ አንዱ ወራሽ «እናታችን ቀልቧ አልነበረም» ቢል መልሱ እዚያው አለ። ቀጥሎ ነፍሷን ለፈጣሪዋ፣ ሥጋዋን ለአጥቢያዋ መቃብር ትሰጣለች። ንብረት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የነፍሷን አንቀጽ አይተው ሴትዮዋ ምን ያህል አጥባቂ እንደነበረች ሊፈርዱ የሚሞክሩ አሉ፤ የታሪክ ጸሐፊዋ ማርጋሬት ስፑፈርድ ግን የካምብሪጅሺር መንደሮችን ኑዛዜ ስታጠና የአንድ ጸሐፊ ቃል በብዙ ሰው ኑዛዜ ውስጥ ሲመላለስ አግኝታዋለች። መግቢያው የጸሐፊው ነው። ድስቱና አንሶላው ላይ ስንደርስ ነው የሴትዮዋ ድምፅ የሚመጣው።

ያ ድምፅ እንዲህ ይላል፦ ለታላቋ ልጄ የተሻለውን ቀይ ጉርድ ቀሚሴን፣ አልጋዬ እግርጌ ያለውን ሳጥንና ከተልባ እግር የተሠራውን አንድ ጥንድ አንሶላ። ለታናሿ በዘወትር የምለብሰውን ኮት፣ ትንሹን የነሐስ ድስትና ጥቁሯን ጥጃ። ለልጅ ልጄ አንዲት የፒውተር ሰሃን። (ፒውተር አብዛኛው ቆርቆሮ የሆነ ቅይጥ ብረት ነው፤ የገጠሩ ሰው ሸክላውንና እንጨቱን ትቶ እንግዳ ሲመጣ የሚያቀርበው እሱን ነበር።) ለአገልጋዬ አንድ ሻሽ። ለአጥቢያዬ ድሆች ጥቂት ሺሊንግ። ለወንድ ልጄ 12 ፔንስ።

12 ፔንስ አንድ ሺሊንግ ነው፤ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ። የቀን ሠራተኛ በቀን ከ8 እስከ 12 ፔንስ በሚያገኝበት ዘመን ለገዛ ልጅ 12 ፔንስ መተው ስድብ ይመስላል። አንዳንዴ ነውም። ብዙ ጊዜ ግን ልጁ ድርሻውን አስቀድሞ፣ አባቱ ሲሞት ወይም ጎጆ ሲወጣ፣ ወስዷል ማለት ነው፤ ሺሊንጓ «ረስታኝ ነው» ብሎ ሙግት እንዳያነሣ የምትሰጥ ናት።

«የተሻለው»፣ «ሁለተኛው»፣ «እግርጌ ያለው» የሚሉት ቃላት ሥራ አላቸው። ሦስት ድስት ባለበት ቤት «ድስቴን» ብቻ ማለት ሦስት እህትማማቾችን ማጣላት ነው። ዊልያም ሼክስፒር በ1616 ኑዛዜው ለሚስቱ «ሁለተኛውን አልጋ» መተዉ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ የመንደር ኑዛዜዎችን ላነበበ ሰው ግን አልጋን በደረጃ መጥራት የዘወትር ነገር ነው። መጥራት ያለበት ነገርም ነበር፤ በብዙ ቤት ውስጥ ከከብትና ከእህል ቀጥሎ ውዱ ዕቃ አልጋ ነው። በላባ የተሞላ ፍራሽ ከነትራሱ፣ ከነብርድ ልብሱና ከነመጋረጃው 2 ወይም 3 ፓውንድ ሊገመት ይችላል። በቀን አንድ ሺሊንግ ለሚያገኝ ሰው የ40 ወይም የ60 ቀን ድካም ነው። የሱፍ መፍተያ መዘውሯ ግን አንድ ሁለት ሺሊንግ ብታወጣ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ የፈተለችበት ዕቃ ከአንሶላዋ ይረክሳል።

ሴትዮዋ በኑዛዜው ግርጌ ምልክቷን ታደርጋለች፤ መጻፍ የማትችል ከሆነች መስቀል ትበቃለች። ምስክሮች ይፈርማሉ። ለመጻፍ ጊዜ ካልተገኘ በምስክር ፊት በቃል መናዘዝም ይቻል ነበር። በ1677 የወጣው ሕግ ግን ከ30 ፓውንድ በላይ የሆነን የቃል ኑዛዜ ቢያንስ ሦስት ምስክር እንዲያረጋግጠው አስገደደ።

ከሞተች በኋላ ተራው የገማቾቹ ነው። በ1529 የወጣ ሕግ የኑዛዜ አስፈጻሚ ቢያንስ በሁለት ታማኝ ሰዎች ፊት ዝርዝር አሠርቶ ለፍርድ ቤት በመሐላ እንዲያስረክብ ያዛል። ዓላማው ሁለት ወገን መጠበቅ ነው፦ ባለ ዕዳ የሆነች ሟች ንብረቷ ተደብቆ አበዳሪው እንዳይጎዳ፣ አስፈጻሚውም ከተገኘው ንብረት በላይ ዕዳ ክፈል እንዳይባል። ስለዚህ የሚጻፈው ዋጋ የአዲስ ዕቃ ዋጋ አይደለም፤ ነገ ገበያ ቢወጣ የሚያወጣው ነው።

ሰዎቹ ሲዞሩ ቤቱ በዓይናችን ይሠራል። አዳራሹ የምድጃው ቤት ነው፦ ጠረጴዛ፣ አግዳሚ፣ በርጩማ፣ ምናልባት አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበር። እልፍኙ ውስጥ ዋናው አልጋ ተዘርግቷል። በጓዳው በርሜልና የቢራ መጥመቂያ ገንዳ አለ፤ በወተት ቤቱ የቅቤ መናጫና የአይብ መጫኛ። ውጭ አንዲት ላም፣ አሳማ፣ የንብ ቀፎ። መጨረሻ ላይ ዓይናቸው ሲደክም «ውዳቂና የተረሱ ነገሮች» ብለው ጥቂት ፔንስ ይለጥፉበታል። ለእኔ ከዝርዝሩ ሁሉ የምታናድደው መስመር ይህች ናት። የእንጨት ማንኪያዋ፣ ወንፊቷ፣ መጥረጊያዋ፣ በየቀኑ እጇ ያልተለየው ሁሉ እዚያች ውስጥ ተጠቅልሎ ቀርቷል።

አንዳንዴ ደግሞ ዝርዝሩ ያስደነግጣል። አልጋ፣ ሳጥን፣ ሁለት ድስት ብቻ ያላት መበለት ስትሆን፣ ከታች «በውል የተበደሩ ሰዎች እጅ ያለ ገንዘብ» ተብሎ ብዙ ፓውንድ ይከተላል። ባንክ በሌለበት መንደር እርሻ መሥራት ያቃታት መበለት ከብቱን ሸጣ ገንዘቧን ለጎረቤት በወለድ ማበደሯ የተለመደ ነበር። ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ወለድ ከ1624 በፊት 10 በመቶ ሲሆን ያኔ ወደ 8፣ በ1651 ወደ 6 ወረደ። የማይመለስ ብድር ለብቻው «ተስፋ የሌለው ዕዳ» ተብሎ ይመዘገባል።

እነዚህን ዝርዝሮች አይቶ ድሃ ነበረች ሀብታም ነበረች ለሚል ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መሬት በዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ከቤቱ ጋር የተጣበቀ ነገር አይገባም። ሰው የዘራው እህል ገና በማሳ ላይ እያለ ይገመታል፤ በራሱ የበቀለ ሣርና ዛፍ ላይ ያለ ፍሬ ግን ከመሬቱ ጋር ይሄዳል። ሟቿ ራሷ ያለባት ዕዳም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። ደግሞ ልጇን ስትድር የሰጠቻትን አልጋ ማን ይቆጥረዋል? ባዶ የሚመስለው ቤት ዕቃው ቀድሞ ተከፋፍሎ ሊሆን ይችላል።

ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ይሄዳሉ። ነገሩ የነፍስም የንብረትም ስለሆነ ዳኝነቱ የሊቀ ዲያቆኑ ወይም የጳጳሱ ነው። በሁለት ሀገረ ስብከት ውስጥ 5 ፓውንድና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ንብረት ካላት ግን ጉዳዩ ወደ ካንተርበሪ ወይም ወደ ዮርክ ሊቀ ጳጳስ ፍርድ ቤት ይወጣል። በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ማግስት፣ ከ1653 እስከ 1660፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥልጣን ተነጥቆ የአገሩ ኑዛዜ ሁሉ በመንግሥት ዳኞች ይጸድቅ ነበር።

ቀን ስታነቡ ተጠንቀቁ። እስከ 1752 ድረስ በእንግሊዝ ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። ኑዛዜዋን በዲሴምበር 1642 አጽፋ በጃንዋሪ የሞተች ሴት፣ ዝርዝሯ ላይም ዓመቱ 1642 ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለሚለውጥ አንባቢ ይህ አያስቸግርም።

የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ይህን ሥልጣን ያጡት በ1858 ነው። ባለትዳር ሴት የግል ንብረቷን ልክ እንዳላገባች ሴት አድርጋ መናዘዝ እንደምትችል በግልጽ የደነገገው የእንግሊዝ ሕግ ግን የወጣው በ1882 ነው።