በጀልባ ላይ ስፖንጅ ስለ ማጣበቅ፦ ምርጫው ከየት ይጀምራል?



የዛሬውን ርእስ ያቀበለኝ በጣና ሐይቅ ላይ መንገደኛ የሚያመላልስ አንድ የሞተር ጀልባ ባለቤት ነው። የፋይበርግላስ ጀልባውን መቀመጫዎች በስፖንጅ አልብሶ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ ስፖንጁ ከጠርዙ ይላጥ ጀመር፤ በስተመጨረሻም አንዱን ቁራጭ ነፋስ ወስዶት ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈ። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ከሁሉ የሚጠነክረው ማጣበቂያ የትኛው ነው?» እኔም መልሼ «ስፖንጁ ከምን የተሠራ ነው?» አልኩት። አያውቅም ነበር፤ የሸጠለትም ሰው አያውቅም።

በገበያችን «ስፖንጅ» በሚለው አንድ ስም የሚጠሩት ነገሮች ጠባያቸው እጅግ የተለያየ ነው። የፍራሹ ስፖንጅ በአብዛኛው ፖሊዩሬቴን ነው፤ ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ውኃ ይጠጣል። ኢቪኤና ፖሊኤቲሊን ግን የአየር ከረጢቶቻቸው የተዘጉ በመሆናቸው ውኃ አያስገቡም፤ ለጀልባ የሚመረጡትም ስለዚህ ነው። ለዕቃ ማሸጊያ የሚውለው ነጩ ፖሊስቲሪን ቶሉይን ወይም አሴቶን ሲነካው ይሟሟል፤ ማስቲሽ የቀባበት ሰው የሚያገኘው ጉድጓድ ነው።

ከባለ ጀልባው ስፖንጅ ትንሽ ቁራጭ ቆርጠን ደጅ ላይ አቃጠልን። እየቀለጠ ተንጠባጠበ፤ ሽታውም የሻማ ሽታ ነበር። ፖሊኤቲሊን ነው ማለት ነው። ኢቪኤ ቢሆን ኖሮ የኮምጣጤ ሽታ ይቀላቀልበት ነበር። (ይህን ሙከራ በፕላስቲክ ቆዳ ላይ አትሞክሩት፤ ጢሱ አሲድ አለው።)

ችግሩም እዚህ ላይ ተገለጠ። ማጣበቂያ እንዲይዝ አስቀድሞ ገጹን ማራስ፣ ማለትም እንደ ጤዛ ሳይሰበሰብ መዘርጋት አለበት። ይህን የሚወስነው የገጽ ጉልበት ነው። የፖሊኤቲሊን የገጽ ጉልበት 31 ሚሊኒውተን በሜትር ገደማ ሲሆን የውኃው 72 ነው፤ ውኃ በላዩ ላይ እየተንከባለለ የሚቀረው ስለዚህ ነው። አብዛኞቹ ማጣበቂያዎችም በዚህ ገጽ ላይ ዕጣቸው ከውኃው ብዙ አይርቅም። ገጹን በእሳት ነበልባል ቶሎ ዳሶ ማለፍ ወይም ልዩ ቅድመ ቅብ መጠቀም ይቻላል፤ እኔ ግን ስፖንጁን በኢቪኤ እንዲለውጠው መከርኩት። በኢቪኤ ውስጥ ያለው ቪኒል አሲቴት ገጹን ለማጣበቂያ የተሻለ ያደርገዋል።

ለኢቪኤና ለፋይበርግላስ የመረጥነው ፖሊክሎሮፕሪን ነው፤ ጫማ ሠሪዎች ማስቲሽ ከሚሉት ወገን ነው። የዱፖንት ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1930 ያገኙት ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ሁለቱም ገጾች ይቀባሉ፤ ከዚያም ይጠበቃል። መጠበቁ ነው ሰውን የሚያቸግረው። ማሟሟያው ወጥቶ ሳያልቅ ከተጫነ መውጫ የለውም፤ ፋይበርግላሱም ሆነ የተዘጋው ስፖንጅ አያስተነፍሱም። ፀሐይ ሲያገኘው ያብጣል፣ አረፋ ይሠራል። ጣት ሲነካው የማይከተል ሲሆን ያን ጊዜ ይጫናል። በተቃራኒው አብዝቶ ከቆየም አይያዝም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ማሟሟያው ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ፈጥኖ ይተናል፤ በጣሳው ላይ የተጻፈውን ደቂቃ እንዳለ አትቀበሉት። በክረምት ማለዳ ደግሞ መትነኑ ራሱ ገጹን ስለሚያቀዘቅዘው ከአየሩ እርጥበት ይቀዳበታል፤ ስለዚህ ሥራው ለቀትር ይተው።

አንድ ተማሪ ባለፈው ሳምንት ስለ ፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ጠይቆኝ ነበር። እርሱ የሚጠነክረው በአየር እርጥበት ነው። በሁለት ውኃ የማያሳልፉ ገጾች መካከል በሰፊው ሲቀባ ጠርዙ ይደርቃል፣ መሐሉ ግን ለረጅም ጊዜ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል።

ስለ ልባሱ አንድ ነገር ልጨምር። የፕላስቲክ ቆዳ ማለስለሻ ዘይቱ ቀስ በቀስ ወደ ማጣበቂያው ይሰርጋል፤ ፖሊክሎሮፕሪንንም ያላላዋል። ስለዚህ ልባሱን ማጣበቅ ትተን በመቀመጫው ሥር አጥፈን በምስማር ያዝነው። ጥቁር ልባስም አልፈቀድንም፤ በቀትር ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል፣ ተራ ማስቲሽም በዚያ ሙቀት ይላላል።

አሁን ወደ ማልረሳው ነገር ልምጣ። ባለቤቱ በመጀመሪያው ጊዜ ሥራውን የሠራው አቧራ እንዳይገባ ሲል በጀልባው ሆድ ውስጥ፣ መከለያውን ዘግቶ ነበር። ረዳቱ ራሱን ስቶ ወድቆ በሰው ትከሻ ወጣ። የቶሉይን ትነት ከአየር ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል፤ ስለዚህ በጀልባው ወለል ላይ፣ ባትሪውና ሽቦው ባለበት፣ ይተኛል። ከ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ ከብልጭታ ሊቀጣጠል ይችላል። ያን ቀን እሳት አለመነሣቱ ዕድል ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ዙር መቀመጫዎቹን ነቅለን ወደ ዳርቻው አወጣን፤ ፋይበርግላሱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን በአልኮል ጠረግን፤ ከነፋሱ አቅጣጫ ቆመን ቀባን። ከአንድ ክረምት በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ። የተነሣው አንድ ጥግ ብቻ ነው፤ እርሱም መንገደኛው ሲሳፈር የሚረግጠው ጠርዝ ነው።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።