በሾላ ገበያ ከምጣድ ሥር የሚባክነው ገንዘብ

በሾላ ገበያ የቅቤው፣ የእንቁላሉ፣ የዶሮውና የባልትናው ዋጋ የሳምንቱ ወሬ ነው። ከሸቀጡ ጀርባ ያለው የመብራት፣ የከሰልና የማገዶ ወጪ ግን እምብዛም ሲነሣ አይሰማም። እንጀራ ጋጋሪዋ፣ ባለ ወፍጮው፣ ምግብ ቤቱና ባለ ፍሪጁ ሱቅ ሁሉም ኃይል ገዝተው መልሰው ይሸጣሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከዚህ ወጪ ከፊሉ በከንቱ የሚባክን ነው። ብክነቱም ከባለቤቱ ኪስ አልፎ እስከ እንጦጦ ተራራ፣ ከዚያም እስከ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ድረስ ይዘልቃል።

የምጣዱ ሒሳብ

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ሸክላ ሙቀትን ቶሎ የማያስተላልፍ በመሆኑ፣ ሽቦው ከሚሰጠው ሙቀት ከፊሉ ሊጡ ዘንድ ሳይደርስ በሥርና በጎን ያመልጣል።

ለምሳሌ 3 ምጣድ ያላትን ጋጋሪ እንውሰድ። እያንዳንዱ ምጣድ 3 ነጥብ 5 ኪሎዋት እየሳበ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ያለማቋረጥ ቢሠራ ፍጆታዋ 2,184 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 20 ከመቶውን ማዳን ብትችል 437 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይተርፋታል። ለስሌት እንዲመች አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ6 ብር ብንይዘው፣ ቁጠባው በወር 2,622 ብር፣ በዓመት ደግሞ ከ31 ሺህ ብር በላይ ነው። አንድም ተጨማሪ እንጀራ ሳይሸጥ የተገኘ ትርፍ ማለት ነው።

ዘዴው የረቀቀ አይደለም። ከሸክላው ሥር ሙቀት የሚያግድ ነገር በሚገባ መደልደል፣ በደንብ የሚገጥም አክንባሎ መጠቀም፣ የላላ የሽቦ ማያያዣን ማጥበቅ፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላ ሳያቋርጡ መጋገር ዋና ዋናዎቹ ናቸው። የቀዘቀዘ ሸክላን በየጊዜው እንደገና ማጋል ምንም እንጀራ ሳይወጣበት የሚከፈል ሒሳብ ነው።

የመብራት ታሪፍ ከ2011 ዓ.ም. አንሥቶ በየደረጃው ከፍ ሲል ቆይቷል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም የተጀመረው ማሻሻያም ለ4 ዓመት፣ በየ3 ወሩ እንዲጨምር ሆኖ የወጣ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለቁጠባ የሚወጣ ገንዘብ፣ ታሪፉ ከፍ ባለ ቁጥር የሚመልሰው ትርፍም ከፍ ይላል።

ግድቡ እያለ ለምን ቁጠባ?

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኅዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። «ይህን ያህል ኃይል እያለ ቁጠባ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ ቢነሣ አያስገርምም። መልሱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ በግድቡና በሾላ መካከል ረጅም መስመርና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። በበዓል ዋዜማ የአንድ ሰፈር ምጣድ ሁሉ በአንድ ሰዓት ሲሰካ የሚፈተነው የሰፈሩ ትራንስፎርመር ነው። እያንዳንዱ ምጣድ ትንሽ ቢቀንስ፣ አዲስ ትራንስፎርመር ሳይገዛ ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ኢትዮጵያ ለጂቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል ሸጣለች። አገር ውስጥ የዳነ ኪሎዋት በዶላር ሊሸጥ የሚችል ሸቀጥ ነው።

የ2001 ዓ.ም. ትዝታም ትምህርት ይሰጣል። ግድቦች ውኃ አጥሯቸው መብራት በፈረቃ በነበረበት በዚያ ወቅት፣ መብራት ኃይል አሮጌ አምፖል እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል ማደል ጀምሮ ነበር። ባለ 60 ዋት አምፖል የሚሰጠውን ብርሃን ቆጣቢው በ15 ዋት ገደማ ይሰጣል። 1 ሚሊዮን ቤቶች አንድ አንድ አምፖል ቢቀይሩና ሁሉም በምሽት ቢያበሩ 45 ሜጋዋት ይድናል። የቆቃ ማመንጫ ሙሉ አቅም 43 ሜጋዋት ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጢሱና ተራራው

ወደ ማገዶው ስንመጣ ጉዳዩ ከብር ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በመላው ዓለም 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች ከቤት ውስጥ ጢስ በተያያዘ ሕይወታቸው አልፏል። ጢሱን በቅድሚያ የምትስበው ምድጃው ሥር የምትውለዋ ሴትና በጀርባዋ ያዘለችው ሕፃን ናቸው።

አዲስ አበባ ማገዶ አጥሯት ዋና ከተማነቱ ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበር፣ ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ከተማዋን እንዳዳነ ይታወቃል። ያ ባሕር ዛፍ ዛሬም ከእንጦጦ በሴቶች ጀርባ ይወርዳል፤ አንዱ ሸክም 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ላቀች» የከሰል ምድጃም ከተለመደው የቆርቆሮ ምድጃ ሩቡን ያህል ከሰል ያድናል።

እዚህ ላይ የማይካድ ችግር አለ። ማገዶ የሚገዛ ሰው ሲቀንስ የተሸካሚዋ ገቢም ይቀንሳል። ለእርሷ የከተማው ብክነት እንጀራዋ ነው። ስለዚህ ቁጠባው ሌላ ሥራ ይዞ መምጣት ይኖርበታል። በእንጦጦ የቀድሞ ማገዶ ተሸካሚ ሴቶች ተደራጅተው በሽመና ሥራ መሰማራታቸው መንገዱ እንዳለ ያሳያል። ምድጃ ማምረት፣ መጠገንና ማከፋፈልም እጅ የሚፈልግ ሥራ ነው።

ገበያው ለምን ራሱን አላረመም?

ቁጠባ ይህን ያህል የሚያተርፍ ከሆነ ገበያው እስካሁን ስለምን አልያዘውም? አንዱ ምክንያት የመረጃ ጉድለት ነው። ሁለት ምጣዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የትኛው ኃይል እንደሚቆጥብ በዓይን አይለይም። ገዢው ባለማወቅ ርካሹን ያነሣል፤ ጥሩውን የሚሠራው አምራችም ወጪውን መመለስ ተስኖት ከገበያ ይወጣል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 በአሮጌ መኪና ገበያ ምሳሌ ያስረዳው ይህንኑ ችግር ነው። መድኃኒቱ በመንግሥት የተረጋገጠ የፍጆታ መለያ ምልክት ነው። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኃይል ቁጠባ ሥራ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ ምልክቱ ግን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ካልታየ ገዢው አይጠቀምበትም።

ሌላው ምክንያት ቆጣሪ ነው። ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ተጠቅሞ ሒሳቡን እኩል ሲካፈል የቆጠበውም ያባከነውም አንድ ዓይነት ይከፍላል። ቤት አከራዩም የመብራት ሒሳቡን እስካልከፈለ ድረስ የቤቱን መስመር ለማደስ አይቸኩልም። ለእያንዳንዱ ክፍል አነስተኛ ቆጣሪ ማስገባት ጭቅጭቁን ያበርዳል፤ ቁጠባውንም ለቆጠበው ሰው ይሰጣል።

አዲስ ሥራ የሚያፈላልግ ባለሀብት ሩቅ መሄድ አያስፈልገው ይሆናል። ፍጆታው ተለክቶ የተጻፈበት፣ ዋስትና ያለው ምጣድ ይዞ የሚቀርብና ለጋጋሪዎች በየወሩ ከሚቆጥቡት ላይ እየከፈሉ እንዲወስዱት የሚያደርግ ነጋዴ ገበያ አያጣም። ለደላላውም ቢሆን ሱቅ ሲያከራይ ከኪራዩ ጋር የቆጣሪውንና የመስመሩን ሁኔታ መናገር ደንበኛ የሚያበዛለት ሙያ ነው።