አንድ ጥላ ለአምስት ከተማ

የምሥራቅ ጎጃምን ካርታ በኮምፒውተር እየሣልን ነው እንበል። ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ሞጣ፣ ቢቸና፣ አማኑኤል። አምስቱም ስሞች በቀኛቸው ለስላሳ ጥላ ይጣልላቸው። ለየስሙ ጥላ ብንሠራ፣ ነገ «ትንሽ ይሳሳ» ሲባል አምስት ቦታ መነካካት ሊኖርብን ነው። ከዚህ ድካም የሚገላግለን የኤስቪጂ ፊልተር ነው።

ኤስቪጂ ሥዕልን በጽሑፍ ትእዛዝ የሚገልጽ ፎርማት ነው፤ የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ሦስት ሲ እ.ኤ.አ. በ2001 አጽድቆታል። ፊልተሩ ስሙ ማጣሪያ ይምሰል እንጂ ሥራው የቀለም ድስት ነው፤ ክሩ ተነክሮ ሌላ መልክ ይዞ ይወጣል፣ ድስቱም ተከታዩን ክር ይቀበላል።

የጥላው አሠራር ሦስት እርምጃ ነው። መጀመሪያ የፊደሎቹ ቅርጽ ብቻ ተወስዶ ይደበዝዛል። ቀጥሎ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ይላል። በመጨረሻ ዋናው ጽሑፍ ከላዩ ይቀመጣል። ይህን ትእዛዝ አንዴ ጽፈን ስም እንሰጠዋለን፤ ከዚያ አምስቱ ከተሞች በስሙ ይጠሩታል። አንዱን ቁጥር ስንለውጥ የአምስቱም ጥላ አብሮ ይለወጣል። ኮምፒውተሩ ግን ለእያንዳንዱ ስም ሥራውን እንደ አዲስ ይሠራል፤ የሚቀንሰው የጸሐፊው ድካም ነው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፊልተሩ የሚሠራበት ክልል ካልተነገረው በየጎኑ የጽሑፉን 10 በመቶ ብቻ ያክላል። 160 ነጥብ ስፋት ያለው «ደብረ ማርቆስ» በቀኙ 16 ነጥብ ያገኛል፤ 40 ነጥብ ብቻ ያለው «ሞጣ» ግን 4። ጥላው 6 ነጥብ ፈቀቅ ካለ ለደብረ ማርቆስ ያምራል፣ የሞጣ ግን በቢላ እንደተቆረጠ ጫፉ ይጎረዳል። መድኃኒቱ ክልሉን ለአጭሩ ስም በሚበቃ ልክ ማስፋት ነው። ለብዙዎች የሚሠራ ሰው መለኪያው ትንሹ መሆን አለበት።

ስሙስ? ኤስቪጂ የተመሠረተበት የኤክስኤምኤል ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ፊደላችን ገና ዩኒኮድ ውስጥ አልነበረም፤ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ በስም ቦታ አይፈቀድም ነበር። በ2008 የወጣው አምስተኛው እትም በሩን ከፈተ። ዛሬ ፊልተሩን «ጥላ» ብለን እንሰይመዋለን፤ ሞጣም ደጀንም በዚሁ ስም ይጠሩታል።