ልብ ሲቆም ሕጉ ምን ይለናል?

ሳሪስ አቦ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ተዝለፍልፎ ቢወድቅና አይታችሁ እንዳላያችሁ ብታልፉ ወንጀል እንደሆነ ታውቁ ነበር? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575 ግልጽ ነው፤ በራሱም ሆነ በሌላው ላይ አደጋ ሳያስከትል መርዳት እየቻለ፣ ሕይወቱ ለከባድ አደጋ የተጋለጠን ሰው አውቆ የተወ በቀላል እስራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል። ሰው መጥራትም እርዳታ ነው።

ይህን ያነሳሁት ዲፊብሪሌተር ስለሚባል መሣሪያ ልነግራችሁ ስለጓጓሁ ነው። ልብ ድንገት ምቱ ተዛብቶ ሲርገበገብ ደም መርጨት ያቆማል። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ንዝረት ያንን መርገብገብ ያቆመዋል፣ ልብም ወደ ምቱ የመመለስ ዕድል ያገኛል። ደረት በመጫን ካልታገዘ ግን ንዝረቱ በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በሥራ መውጫ ሰዓት በደብረ ዘይት መንገድ አምቡላንስ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅበት እናንተው ገምቱ!

ደግሞ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ሁለቱን ማጣበቂያዎች ባዶ ደረት ላይ ስትለጥፉ መሣሪያው ራሱ ምቱን ይመረምራል፤ ንዝረት የማያስፈልገውን ልብ አይነካም።

አሜሪካ ውስጥ 50ዎቹም ግዛቶች የመሣሪያውን አጠቃቀም የሚመለከት ሕግ አላቸው። በቅንነት የረዳን ሰው ከካሳ ክስ ይጠብቁታል፤ ብዙዎቹ የመሣሪያው ባለቤት እንዲፈትሸው፣ ለአምቡላንስ አገልግሎት እንዲያሳውቅ ያዛሉ፤ አንዳንዶቹ ትምህርት ቤትና ጂም መሣሪያውን እንዲያስቀምጡ ያስገድዳሉ። በአብዛኞቹ ግን መንገደኛ የመርዳት ግዴታ የለበትም። የእኛ ሕግ በዚህ ይበልጣቸዋል፤ እርዳ ብሎ ያዝዛል። አንቀጽ 75ም ሌላ መውጫ በሌለበት ሰውን ከከባድ አደጋ ለማዳን የተፈጸመ ተመጣጣኝ ድርጊት እንደማያስቀጣ ይደነግጋል።

እኔ ግን ይህ ይበቃል አልልም። ረዳቱን ከካሳ ጥያቄ በግልጽ የሚጠብቅ፣ ብዙ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ መሣሪያው እንዲኖርና ተጠያቂ ጠባቂ እንዲመደብለት የሚያዝ ድንጋጌ ያስፈልገናል። በወር በ5 አቦን ለመሳለም የሚጎርፈውን ምዕመን፣ በየፋብሪካው በር የሚወጣውን ሠራተኛ አስቡ።

እስከዚያው እጃችሁ አለ። አንድ ሰው ለአምቡላንስ 907 ይደውል፤ ሌላው የወደቀው ሰው ደረት መሐል ላይ ጠንከር አድርጎ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ይጫን። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።