ገመድ አልባ ኃይል ለልብ ፓምፕ

ልብ በጣም ተዳክሞ መድኃኒት አልረዳው ሲል፣ ግራው የታችኛው የልብ ክፍል ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ በቀዶ ሕክምና ይገጠማል። ፓምፑ ደሙን ከዚያ ስቦ ወደ ዋናው የደም ቧንቧ ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ሃርትሜት 3 የተባለው ፓምፕ ውስጥ ያለው ተሽከርካሪ አካል በማግኔት ተንሳፍፎ ስለሚዞር ከምንም ጋር አይፋተግም። ትልቁ ችግር ያለው ፓምፑን ከወገብ ባትሪዎች ጋር የሚያገናኘው፣ የሆድን ቆዳ በስቶ የሚወጣው ገመድ ላይ ነው።

ገመዱ የሚወጣበት ቀዳዳ ፈጽሞ ስለማይደፈን ጀርሞች ገመዱን ተከትለው ይገባሉ። ቀዳዳው በንጹሕ ፋሻ መሸፈን አለበት፤ ታማሚው ወንዝ ወይም ገንዳ ውስጥ መግባት አይችልም። እንደ ሰሜን ኢትዮጵያ ቆቦና ራያ ባለ ቆላ ሙቀት ደግሞ ላብና አቧራ ፕላስተሩን ቶሎ ያላቅቁታል።

መፍትሔው ሳይንቲስቱ ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ላይ ይቆማል። በውጭ ባለ የሽቦ ጥቅል ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ የሚፈጠረው ማግኔታዊ መስክ ቆዳን አቋርጦ፣ በሰውነት ውስጥ በተቀበረ ሌላ ጥቅል ላይ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ፓምፑ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ብቻ ነው፤ ነገር ግን ለአፍታም መቋረጥ የለበትም። ጥቅሎቹ ከተዛነፉ የሚደርሰው ኃይል ይቀንሳል፤ የባከነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ሥጋን ሊጎዳ ይችላል። ኃይሉ እንዳይቋረጥም ሰውነት ውስጥ ትንሽ ባትሪ ይቀበራል።

ላየንሃርት የተባለው ፓምፕ እ.ኤ.አ. በ1999 በጀርመን፣ አቢዮኮር የተባለው ሙሉ ሰው ሠራሽ ልብ ደግሞ በ2001 በአሜሪካ በዚህ መንገድ ለታማሚ ተገጥመዋል። ሁለቱም በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውሉ ቀሩ። ኋላ የእስራኤሉ ሌቪቲከስ ኩባንያ በካዛክስታን ለሁለት ታማሚዎች የገጠመው ሥርዓት ደረት ውስጥ የተቀመጠ ቀለበትና ከውጭ ደረትን የሚዞር ቀበቶ ይጠቀማል። ቀለበቱና ቀበቶው በአንድ አግድመት ስለሚሆኑ ታማሚው ሲንቀሳቀስ ኃይሉ ብዙም አይቀንስም። ቀበቶውን አውልቆ ለሰዓታት መቆየትም ይቻላል፤ ለታማሚ ትልቁ ነፃነት ይህ ነው።

ሆኖም ገመዱ ቢቀርም መብራት የግድ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የመስኖ ጉድጓድ ፓምፕ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፤ ማሽላው ግን ለሰዓታት ይታገሣል። የልብ ፓምፕ ያን ያህል ፋታ አይሰጥም፤ ስለዚህ ለቆላው ታማሚ ከጥቅሉ በፊት መታሰብ ያለበት የባትሪው መጠባበቂያና የፀሐይ ኃይል ነው። ደም እንዳይረጋ የሚወሰደው ዋርፋሪንም አይቀርም፤ መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ ይስተካከላል። ይህም ከቆቦ እስከ ወልድያ ያለውን ወደ 50 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ መመላለስን ሊጠይቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶችን የሚያጠቃው የልብ ሕመም ግን ካልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚነሳውና የልብ በሮችን የሚያበላሸው ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ሕክምና ማዕከል ከሚያክማቸው ብዙዎቹ የዚህ ሕመም ታማሚዎች ናቸው። ለዚህ ሕመም ፓምፕ ሳይሆን በጊዜ የሚሰጥ ፔኒሲሊን ይቀድማል።