ሚሳይል መደርደር ብቻውን ፍሪጌትን የአየር መከላከያ መርከብ አያደርግም

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ኢንጂነር፣ ተራ ፍሪጌት ላይ ሚሳይል ቢጨመርበት የአየር መከላከያ መርከብ አይሆንም?» አይሆንም። እኛን መርከብ ነዳፊዎችን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው።

መጀመሪያ አድማስ። ምድር ክብ ናት። ራዳሩ ከባሕሩ 25 ሜትር ከፍ ቢል፣ በ5 ሜትር ከፍታ ማዕበሉን እየታከከ የሚመጣን ሚሳይል የሚያየው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው ነው። ሚሳይሉ በሰከንድ 300 ሜትር ከበረረ ያለን ጊዜ 100 ሰከንድ ነው። ራዳሩን 36 ሜትር ላይ ብንሰቅለው 4 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም 13 ሰከንድ ያህል እናተርፋለን። ትንሽ እንዳይመስላችሁ!

ዕዳው ግን ሚዛን ላይ ይመጣል። ከባድ ራዳር ወደ ላይ ሲወጣ የመርከቧ የክብደት ማዕከልም አብሮ ይወጣል፤ ማዕበል ሲያጋድላት ቀና ማለት ይከብዳታል። ስለዚህ ወይ ጎኗ ይሰፋል፣ ወይ ከላይ ሌላ ዕቃ ይወርዳል። ተጨማሪ ኤሌክትሪክና ማቀዝቀዣም አለ፤ ይህን ሁሉም ይረሳዋል።

ፈረንሳዮች ከፍሬም ፍሪጌቶቻቸው ሁለቱን፣ አልዛስንና ሎሬንን፣ ለአየር መከላከያ ሲያዘጋጁ የየብስ ዒላማ የሚመቱትን ክሩዝ ሚሳይሎች ትተው አስተር 30 ለተባለው የአየር መከላከያ ሚሳይል የሚበቃ ማስወንጨፊያ አስገቡ፤ የራዳሩንም ጉልበት ጨመሩ። ሰርጓጅ የማደን ችሎታቸውን ግን አልነኩም። ለእኔ ብልህ ምርጫ ነው።

ያልገባችሁን ኮመንት ላይ ጠይቁኝ፤ ማታ እመልሳለሁ።