ሐኪሙ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት

የዓይን ጕድጓድ አጥንት የተሰበረበትን ሰው የሚጠግን ሐኪም ዛሬ ቢላዋውን ከማንሣቱ በፊት አጥንቱን በኮምፒዩተር አገላብጦ ያየዋል። ለዚህ ጥበብ መነሻ የሆነው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሐውንስፊልድ የሠራውና በ1971 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ በበሽተኛ የተሞከረው የሲቲ ስካን መሣሪያ ነው። መሣሪያው ገላን እንደ ዳቦ በስሱ የተቈረጠ አስመስሎ ያነሣል፤ ለእያንዳንዷም ነጥብ ቍጥር ይሰጣል። ውሃ ዜሮ ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው፤ ጠጣር አጥንት ግን ከ1000 በላይ ሊደርስ ይችላል። ኮምፒዩተሩም «ከዚህ ቍጥር በላይ ያለው አጥንት ነው» ተብሎ ሲታዘዝ፣ ቍራጮቹን ደራርቦ የአጥንቱን መልክ ያወጣል። ደኅነኛውንም ጎን እንደ መስተዋት ገልብጦ በተሰበረው ላይ ያሳርፈዋል፤ ይህስ ያስደንቃል።

ታዲያ ያችን ቍጥር የሚመርጣት ማን ነው? ሰው ነው። ከፍ ካደረጋት፣ ከዓይን ሥር ያለው እንደ ወረቀት የሳሳ አጥንት ከምስሉ ይጠፋና ደኅናው ቦታ የተቀደደ ይመስላል፤ ዝቅ ካደረጋት ሥጋው ከአጥንት ይቈጠራል። በዚህ ምስል ተለክቶ የታጠፈው የቲታንየም ብረት ልኩን ከሳተ፣ ዓይን ወደ ውስጥ ሊሰጥም፣ በሽተኛውም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሐኪም በማሳያው ላይ የሚሽከረከረውን ውብ አጥንት ትቶ ወደ መጀመሪያዎቹ ቍራጭ ሥዕሎች ሲመለስና አንድ በአንድ ሲያመሳክር ብናይ፣ ዘገየ ብለን አናማውም።